የጌጥነሽ ሦስት ደቂቃ

ሚስትህ መቼ ነው የምትተኛው?

ይህን ጥያቄ ደምሰው መመለስ አይችልም። የጠየቁት ጋሽ አባይነህ ናቸው፤ ኤርፖርቱ የታክሲ ተራ መጠበቂያ ላይ፣ የመኪናቸው ኮፈን ላይ ዳማ ዘርግተው ሲጫወቱ። ለክፋት አልነበረም። የሳቸው ባለቤት የደምሰውን ሚስት ጌጥነሽን ማለዳ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ታያታለች፤ ቀትር ላይ ሀቫና ጎዳና እንጀራ ስትገዛ ታያታለች፤ ከሰዓት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ወንበር ስትደረድር ታገኛታለች። ማታ ማታ ጌጥነሽ ዴንቨር ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተረኛ ሆና ሽማግሌና አሮጊት ስታገላብጥ ነው የምታድረው። ታዲያ መቼ ትተኛለች?

"እኔ እንጃ" አለ ደምሰው።

"ባሏ አይደለህም እንዴ?"

"ባሏስ ነኝ። ግን እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች፣ እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። የምንገናኘው በር ላይ ነው።"

"ጎረቤት ነን በለና" አለ ግዛው። ግዛው ከታክሲ ነጂዎቹ ሁሉ አፈኛው ነው፤ ተራው ደርሶ እንኳ ቀልዱን ሳይጨርስ መኪናውን አያስነሳም። "ቡና ተጣጡ እንጂ፣ ጎረቤት እንዲህ አይራራቅም።"

ደምሰው ሳቀ፤ ጥያቄው ግን አብሮት ወደ ቤት ገባ።

ስለ ጌጥነሽ የሚያውቀው ብዙ ነው። ዲቪ ደርሷት ብቻዋን እንደመጣች፣ እሱን ያገባችው እዚሁ እንደሆነ፣ ከመጀመሪያ ትዳሯ የወለደቻት ሄራን አዲስ አበባ እንዳለች ያውቃል። ያኔ የሄራን አባት ልጄን አልሰጥም ብሎ ነበር። አሁን ልጅቷ ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ የአባትየውም ልብ ረግቷል። ጌጥነሽ የአሜሪካ ዜግነቷን ባገኘች ማግስት ለልጇ አመልክታ፣ ወረቀቱ እየተንፏቀቀ ሄዶ ሄዶ የኤምባሲው ቀጠሮ ደርሷል። ሄራን ደምሰውን በአካል አይታው አታውቅም፤ በስልክ ግን "ጋሼ" እያለች ትጠራዋለች። እሱም ሳያስበው አባት አባት መሽተት ጀምሯል። ትንሿን ክፍል ቀለም ቀብቷል። አልጋ ገዝቶ ራሱ ገጥሟል። ሲጨርስ ሁለት ብሎን ተረፈው፤ ከየት እንደተረፉ እስካሁን አላወቀም።

ቤታቸው ግሌንዴል ነው። ግሌንዴል ዴንቨር ዙሪያዋን የከበበቻት ትንሽ ከተማ ናት፤ ተሳፋሪ ጋዜጣ ገልጦ ሳይጨርስ በታክሲ ታልፋለች። ትንሽ ትሁን እንጂ የራሷ ምክር ቤት አላት። ደምሰው ይህን ምክር ቤት የሚያውቀው በቆሻሻ ማንሻ ቀን ማስታወቂያው ብቻ ነበር፤ ሚስቱ አንድ ጠዋት በር ላይ እስክታቆመው ድረስ።

"እትዬ ዶሮቲ ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ሆኑ" አለችው፣ የሥራ ጫማዋን እያወለቀች። "ማክሰኞ ምክር ቤት የምገባላቸው እኔ ነኝ።"

እትዬ ዶሮቲ የምትላቸው ከበታቻቸው ባለው አፓርታማ ያሉትን ነጭ አሮጊት ነው። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ከጌጥነሽ ጋር የተዋወቁት የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው፤ ሁለቱም ሰው በሌለበት ሰዓት ማጠብ ይወዳሉ።

"ምን ልታደርጊላቸው?"

"ማመልከቻቸውን ላቀርብላቸው ነዋ። ፕሬዚዳንቱን ኢምፒች እንዲያደርጉት።"

ደምሰው የመኪናውን ቁልፍ እጁ ላይ ሲያንቃጭል ነበር። አቆመ።

"ማንን?"

"ፕሬዚዳንቱን።"

"የግሌንዴል ምክር ቤት ነው ፕሬዚዳንት ከሥልጣን የሚያወርደው?"

"አያወርድም። ቆይ፣ አትቸኩል" አለችና ግድግዳውን ተደገፈች። "መክሰስ የሚችለው ዋሽንግተን ያለው የተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ነው። የሚፈርደው ሴኔቱ ነው። እነሱን 'እባካችሁ ይሄን ነገር መርምሩ' ብሎ ማመልከት ግን ማንም ይችላል። ሰው ይችላል፣ ከተማም ይችላል። የስቴት ምክር ቤት ቢልከውማ ክብደት አለው፤ እንዲህ ይላል ብለው እትዬ ዶሮቲ አንድ የጥንት የአሠራር መጽሐፍ አሳይተውኛል። ከተማ የላከው ያን ያህል አይደለም። ለኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው መሳቢያ ውስጥ ያስተኛዋል። ግን ይደርሳል። ባለፈው ወር ቨርሞንት በሚባለው ስቴት ውስጥ መንደር የሚያካክሉ ከተሞች ተሰብስበው ድምፅ ሰጥተዋል።"

"ምን አጠፋ ነው የሚሉት?"

"ባሕር ማዶ የሚካሄደውን ጦርነት በውሸት ምክንያት ጀመረ ይላሉ። ደግሞ ወደ ውጭ አገር የሚደወል ስልክ ያለ ዳኛ ፈቃድ ያስጠልፋል ይላሉ።"

"አንቺ እኮ በየቀኑ አዲስ አበባ ትደውያለሽ።"

"ይስሙኛ። ከእህቴ ጋር የማወራው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው።"

"አሁን አንቺ አጥፍቷል ብለሽ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ። መርማሪ የተፈጠረው ለዚህ አይደል?"

"ታዲያ ምን አገባሽ?"

ጌጥነሽ ጫማዋን አንስታ ከበሩ ጥግ አስቀመጠች። "እትዬ ዶሮቲ ሁለት ጊዜ ይዘው ሄዱ። ሁለት ጊዜ የኛ ጉዳይ አይደለም ብለው ከአጀንዳ አወጡባቸው። እምቢ ቢሏቸው ደግ ነበር። እምቢም አላሏቸውም፤ ወረቀቱንም አልተቀበሏቸውም።"

"ጌጤ፣ ሄራን ኤምባሲ የምትገባው ረቡዕ ጠዋት ነው። አንቺ ማክሰኞ ማታ ፕሬዚዳንቱን ትከሻለሽ።"

"አመለክታለሁ ነው ያልኩህ።"

"ያው ነው።"

"ያው አይደለም" አለችና ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች። ደምሰው ሰዓቱን አየ፤ ረፍዶበታል።

ያን ቀን ሲነዳ ሐሳቡ ሁሉ አዲስ አበባ ነበር። በልቡ የኤምባሲውን ክፍል ሣለው። ግድግዳው ላይ የፕሬዚዳንቱ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ከሥሩ ቪዛ ሰጪው ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ከግሌንዴል የመጣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ አለ። "የጌጥነሽ ልጅ አንቺ ነሽ?" ይላል ሰውየው፣ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ። ደምሰው ባደገበት አገር እንዲህ ያለ ነገር ሩቅ አልነበረም፤ አጎት በተናገረው የእህት ልጅ ከሥራ ሲባረር አይቷል። አሜሪካ ሌላ ነው ይሉታል። ይሁን፣ ሌላ ይሁን። ግን ደግሞ ቪዛ ሰጪው እምቢ ለማለት ምክንያት አያንሰውም፤ ለምን አንድ ተጨማሪ ይሰጠዋል?

ታክሲ ተራው ላይ ነገሩን ለጓደኞቹ አወጣው። ግዛው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"የናንተ ምክር ቤት? በረዶ ማንሳት አቅቶት ፕሬዚዳንት ሊያነሳ?"

"አይቀለድም" አሉ ጋሽ አባይነህ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ማኅበርተኛ ሲጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው፤ ሰው ሁሉ ሲሳሳቅ የሳቸው ፊት አይፈታም። ዳማውን ሰበሰቡና ጥቂት አሰቡ። "ሽማግሌ ላክባት።"

"ለገዛ ሚስቴ?"

"ለሰው ሚስት ነው እንዴ የሚላከው? ሦስት ሆነን እንመጣለን። እኔ፣ ግዛው…"

"ግዛው ሽማግሌ ይሆናል?"

"ዝም ብሎ ይቀመጥ እንጂ። ስለሺም አለ።"

ስለሺ ወንደላጤ ነው፤ ከመኪናው መስኮት አንገቱን አወጣ። "ምግብ አለ?"

"ጌጥነሽ ቤት ምግብ ይጠፋል?"

"እንግዲያውስ ሽማግሌ ነኝ።"

እሑድ ከሰዓት መጡ። ጋሽ አባይነህ ከራቫት አስረዋል፤ ግዛው ፀጉሩን ውኃ አስነክቷል። ጌጥነሽ ገና ስታያቸው ነገሩ ገባት። አልጠየቀችም። ሶፋው ላይ አስቀመጠቻቸውና ጎመን በሥጋዋን አቅርባ፣ ውኃና ሳህን ይዛ ልታስታጥባቸው ጎንበስ አለች።

ጋሽ አባይነህ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አቆላለፉ። "ልጄ፣ ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው። ጉዳያችን ሳይፈጸም እጃችን አይታጠብም፣ እህልም አንቀምስም።"

ስለሺ ጎመኑን አየ። ጋሽ አባይነህን አየ። ከዚያ ጣሪያውን አየ።

"ይናገሩ ጋሼ" አለች ጌጥነሽ። ሳህኑን አስቀምጣ፣ እጆቿን አጣምራ ቆመች።

ተናገሩ። የእናትን ወግ አነሱ፣ የሄራንን ስም እየደጋገሙ ጠሩ፣ ስለ ባዕድ አገር ጥንቃቄ መከሩ፣ አሮጊቷን ዶሮቲንም አመሰገኑ፤ ነገር ግን እሳቸው እዚሁ ተወልደው ያረጁ ናቸው፣ ልጃቸው ኤምባሲ ደጅ አልቆመችም አሉ። "ማክሰኞ ቅሪልን። ሌላ ሰው ያንብበው። ይኸው ነው ልመናችን።" ጥሩ ንግግር ነበር። ደምሰው ከወጥ ቤቱ በር ሆኖ ሲሰማ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ጌጥነሽ እስኪጨርሱ ጠበቀች። አላቋረጠችም።

"ጋሼ፣ እናንተ ይህን ሁሉ መንገድ መጣችሁ። ከፍቼ አስገባኋችሁ። አስቀመጥኳችሁ። የላካችሁን ሰው አውቀዋለሁ፣ እዚያ በሩ ጋ ቆሟል፤ እሱንም አላባረርኩትም። ያላችሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁ። አይደለም?"

"ሰምተሻል" አሉ ጋሽ አባይነህ።

"እሺ አላልኳችሁም። ግን ሰምቻችኋለሁ። እትዬ ዶሮቲም የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ ምክር ቤቱ እኔ እናንተን የሰማሁትን ያህል ይስማቸው።" ጃኬቷን ከመስቀያው አወረደች። "እኔ ሺፍት አለኝ። ጎመኑ እንዳይበርድ።"

በሩ ተዘጋ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አውቶቡሱ ፌርማታው ላይ ሲቆም ተሰማ።

"አሸነፈችን ማለት ነው" አለ ግዛው፤ ከገባ ጀምሮ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

"ታዲያ ይበላል አይበላም?" አለ ስለሺ።

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንበላም ብለናል።"

"ጋሼ፣ እሷ እኮ የለችም። ያልበላነው ለማን ነው?"

ጋሽ አባይነህ በጣም አሰቡ። በሕይወታቸው ብዙ ቤት ሽምግልና ገብተዋል፤ የተላኩባት ሴት ምግቡን ከሽማግሌዎቹ ጋር ትታ ሥራ ስትሄድ ግን አይተው አያውቁም። "ጉዳያችን…" አሉ ቀስ ብለው፣ "ጉዳያችን ተሰምቷል። ይህም አንድ ነገር ነው። ደምሰው፣ ውኃውን አምጣው እስቲ።"

ማክሰኞ ማታ ደምሰው ወደ ምክር ቤቱ ሊሄድ አላሰበም። ሥራ ላይ ልቆይ ብሎ ነበር። ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን ግን መኪናዋ እሱን ነዳች ማለት ይቻላል፤ ከሕንፃው ፊት ለፊት ፓርክ አድርጎ ተገኘ። ትንሽ ተቀመጠ። ራዲዮኑን ከፈተ፣ ዘጋ። ገብቶ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ለመሸሽ የሚመች ቦታ ነበር።

አዳራሹ የመማሪያ ክፍል ያህላል። ተመራጮቹ ከፍ ካለ ጠረጴዛ ኋላ ተደርድረዋል፤ ከመሐል ሰብሳቢው አለ፣ ከጎኑ ጸሐፊዋ። ፊት ለፊታቸው ማይክሮፎን፣ ከማይክሮፎኑ አጠገብ እንደ ትራፊክ መብራት ያለች ሦስት ቀለም ሳጥን። ጌጥነሽ ከፊት ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን በጃኬቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ የዶሮቲን ማመልከቻ በፕላስቲክ ይዛ። ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ስትቀር ደምሰው ካገባት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ጉዳዩ ሲደርስ አንድ ወፍራም ተመራጭ እጁን አወጣ። ክፉ ሰው አይመስልም። "እኛ የተመረጥነው ለመንገድ፣ ለመብራትና ለውኃ ነው" አለ። "ፕሬዚዳንቱን በተመለከተ ሰው በግሉ የፈለገውን ይጻፍ። ይህ ነገር ከአጀንዳው ይውጣ እላለሁ።" ሌላዋ ደገፈችው። ሰብሳቢው፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት መናገር የሚፈልግ ነዋሪ ካለ ሦስት ሦስት ደቂቃ አለው አለ።

ጌጥነሽ ተነሳች። አረንጓዴው በራ።

"እንደምን አመሻችሁ" አለች በእንግሊዝኛዋ። "ከሁሉ በፊት እዚህ ላደረሰን እግዚአብሔር ይመስገን። ክቡር ሰብሳቢ፣ እንደምን አመሹ? ቤተሰብ ደህና ነው?"

ሰብሳቢው ግራ ተጋብቶ ደህና ነው አለ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?" አለች ወደ ቀኝ ዞራ። አንድ በአንድ ሄደችባቸው። ማንንም አልዘለለችም፤ መዝለል ስድብ ነው። ጸሐፊዋን እጅሽን አይመምሽ፣ ብዙ ትጽፊያለሽ አለቻት። በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ ሰላም አለችው። ወፍራሙን ተመራጭ ልጆችህ እንዴት ናቸው አለችው። ያ ሰው ደግሞ መልካም ሰው ሆኖ ተገኘና፣ ትልቋ ዘንድሮ ትመረቃለች፣ ነርስ ልትሆን ነው አለ። ጌጥነሽ በጣም ደስ አላት፤ ነርስነት ጥሩ ነው፣ ግን ጫማ ላይ እንዳትሰስት ንገራት፣ ወገብ የሚያልቀው በጫማ ነው አለችው። ቢጫው በራ። ደምሰው ቢጫ ሲያይ እግሩ ልማዱን አልተወም፤ ወለሉን ነዳጅ መስጫ ይመስል ረገጠው።

"ወይዘሮ ዶሮቲ ሰላም ብለዋችኋል" አለች ጌጥነሽ ሳትቸኩል። "ጉልበታቸው ደህና ነው። ሐኪሙ በዱላ ይሂዱ ብሏቸው እሳቸው ግን…"

ቀዩ በራ። ጸሐፊዋ በለሆሳስ፣ "ጊዜዎ አልቋል፣ አመሰግናለሁ" አለች።

"እኔ እኮ አልጀመርኩም" አለች ጌጥነሽ።

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሰብሳቢው አዘነ፤ ግን ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው አለ።

ደምሰው ትንፋሹን ለቀቀ። አለፈ። ስለ ፕሬዚዳንቱ አንድ ቃል ሳትተነፍስ አለፈ። ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ይጻፋል? ቤተሰብ ደህና ነው ወይ፣ ጫማ ላይ አትሰስቱ፤ ይኸው ነው። ቪዛ ሰጪው ይህን ቢያነብም አይቆጣም። ሄራን ነገ በሰላም ትገባለች። ነገሩ በራሱ ጊዜ፣ ማንንም ሳያስቀይም አለቀ። ደምሰው ሊነሳ ጃኬቱን ያዘ።

ያኔ ሚስቱን አየ። ወንበሯ ላይ ተመልሳ፣ ማመልከቻውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ወረቀቱ አልረጠበም፣ አቧራም የለበትም። ጠረገችውና ፕላስቲኩ ውስጥ መልሳ ከተተችው፤ እጇ ይህን ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ የሠራ እጅ ነበር። አልተናደደችም። አላለቀሰችም። ነገ ተመልሶ ለመምጣት የተዘጋጀ ሰው ፊት ነበር ፊቷ።

"ሌላ ነዋሪ አለ?" አለ ሰብሳቢው።

ደምሰው እጁ ወጥቶ አገኘው። ተነስቶ ወደ ማይክሮፎኑ ሄደ።

"ስሜ ደምሰው ነው" አለ። ጸሐፊዋ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችው። አንድ በአንድ ፊደሉን ነገራት፤ እያንዳንዱ ፊደል አዲስ አበባ ድረስ የሚሰማ መሰለው። "የምኖረው እዚሁ ነው፣ እሷ ጋር። የሷ ባል ነኝ። እኔ የምለው የለኝም። ሦስት ደቂቃዬን ለሚስቴ ሰጥቻታለሁ። ሰላምታ አድርሳለች፤ አሁን በቀጥታ ትጀምር።"

ሰብሳቢው ጸሐፊዋን አየ፤ ጸሐፊዋ ትከሻዋን ነቀነቀች። ወፍራሙ ተመራጭ፣ "ይፈቀድላት" አለ።

ጌጥነሽ በአጠገቡ ስታልፍ ክርኑን ነካ አደረገችው።

"አገሬ ሳለሁ የሰፈራችን የውኃ ቦኖ ተዘጋ" ብላ ጀመረች። "የሰፈሩ ሰው ፈረመና ወረቀቱን ሰጠኝ፤ ወደ ቀበሌ ውሰጂ አለኝ። ስድስት ወር ተመላለስኩ። ክረምት ሆነ፣ ወረቀቱን ፕላስቲክ አለበስኩት። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉኛል። ነገ ተመለሽ ይሉኛል። ይህ የኛ ክፍል አይደለም ይሉኛል። አንድ ቀን እንኳ አይሆንም ያለኝ ሰው የለም። አይሆንም ቢሉኝ ቤቴ ገብቼ እተኛ ነበር። ወረቀቱን ከእጄ የሚወስድ ሰው ጠፋ።"

ይህን ደምሰው ሰምቶት አያውቅም። በር ላይ የሚወራ ወሬ አይደለም።

"ፕሬዚዳንቱ አጥፍቶ እንደሆነ እኔ አላውቅም። እናንተም አታውቁም። ዋሽንግተን ያሉትም ሳይመረምሩ አያውቁም። ይህ ወረቀት መርምሩ ነው የሚለው። እንዲህ ብሎ ማመልከት ይቻላል ብላችሁ ያስጠናችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ለዜግነት ፈተናዬ አጥንቼዋለሁ። አይሆንም ማለት መብታችሁ ነው። ግን መጀመሪያ ተቀበሉኝ።"

ቢጫው ገና አልበራም ነበር። እንደ ጨረሰች ለማሳወቅ እጅ ነሣች።

ከአጀንዳው ይውጣ የሚለው ሐሳብ በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ። ልዩነቱ ወፍራሙ ተመራጭ ነው፤ ራሱ ያመጣውን ሐሳብ ራሱ ተወው። ከዚያ ተከራከሩ። ከተማዋ ፕሬዚዳንቱ ይከሰስ ብላ በስሟ ታመልክት የሚለው አላለፈም። በመጨረሻ ከተማዋ ሐሳቧን ሳትሰጥ የነዋሪዎቹን ማመልከቻ በሸኚ ደብዳቤ ዋሽንግተን ላለው ተወካያቸው እንድትልክ ተስማሙ። ለእትዬ ዶሮቲ ግማሽ ድል ነበር። ሰብሳቢው ከጠረጴዛው ወርዶ ወረቀቱን ከጌጥነሽ እጅ ወሰደ።

"ማኅተም አይመታበትም?" አለች።

ጸሐፊዋ መሳቢያዋን በረበረች። የቀን ማኅተም ብቻ ነበራት። መታችው። ጌጥነሽ አንገቷን አስግጋ ቀለሙ መያዙን አየች።

ወጥተው መኪናው ውስጥ ገቡ።

"ፊደሉን በትክክል ጻፈችው?" አለች ጌጥነሽ።

"በትክክል።"

"እንግዲህ አንተም ገባህበት።"

"ገባሁበት" አለ ደምሰው። "ነገ ሽማግሌ ላኪብኝ።"

ሳቀች። ቤት ሲገቡ ግን ሳቁ አለቀ። እዚህ ሲመሽ አዲስ አበባ ይነጋል፤ ሄራን ይህን ጊዜ ልብሷን እየተኮሰች ነው። ጌጥነሽ ሶፋው ላይ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ደምሰው ነገ ጠዋት ሥራ አለው፤ ግን ተኛ ብትለውም አልተኛም። ተቀምጦ አያት። መጽሔት አነበበች። የቁምሳጥኑን ልብስ አውጥታ አጣጠፈች። የቀዘቀዘ ጎመን አሞቀች፣ ሳትበላ መለሰችው። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ስትጠብቅ አይቷት እንደማያውቅ ገባው። ስትጠብቅ ቀጥ ብላ ነው የምትቀመጠው።

ስልኩ ሲጮኽ ሁለቱም ዘለሉ።

"እማዬ" አለ ድምፁ። የመንገድ ጫጫታ አለበት። "አሁን ወጣሁ።"

"ተቀበሉሽ?"

"ፓስፖርቴን አስቀሩት።"

ኤምባሲ ፓስፖርት አስቀረ ማለት ቪዛው ተሰጠ ማለት ነው፤ ይህን አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቅ የለም። ጌጥነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"ስለኔ ጠየቁሽ?"

"እናትሽ ምን ትሠራለች ብለው ነው የጠየቁኝ። አረጋውያን ታስታምማለች አልኳቸው። ሌላ ምንም አላሉኝም። ጋሼ አለ?"

ደምሰው ስልኩን ተቀብሎ፣ "አልጋሽ ተገጥሟል" አላት። ጌጥነሽ መልሳ ወሰደችው፣ ልጇን መረቀች፣ ከመዝጋቷ በፊትም "የምትሰሙንም ካላችሁ እንኳን ደስ አላችሁ" አለች።

ከዚያ ተነስታ ወደ ትንሿ ክፍል ሄደች።

"አልጋው ይጠነክራል?" አለች።

"ሁለት ብሎን ተርፎኛል።"

"እስቲ ልሞክረው። ልጄ እንዳትወድቅብኝ።"

ጫማዋን ሳታወልቅ ጋደም አለች። አልጋው አንዴ ሲጢጥ አለና ዝም አለ። "ጥሩ ነው" አለች፤ "ለእትዬ ዶሮቲ ጠዋት ንገራቸው፣ ወረቀቱን…" ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ደምሰው ጫማዋን ቀስ ብሎ አወለቀ፣ ነጠላዋን አለበሳት። ጋሽ አባይነህ እንደገና ሲጠይቁት እንዳያፍር የግድግዳውን ሰዓት አየ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር።